የቅዱሱ ሸራ አልወልቅ ያለ ዕለት

እህትማማቾቹን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ታላቂቱ መርፌ ናት፣ ታናሺቱ ገመድ። ስሙን ያወጡላቸው የጭነት መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ ሹፌር ደግሞ አንዴ ስም ካወጣ ወላጅም አይመልሰው። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ጎማ ጠጋኙና ዘይት ሻጩ ካሉበት መስመር፣ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት አለቻቸው። እዚያ ውስጥ የመኪና ሸራ ይሰፋሉ። ሥራው ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባትየው ታላቂቱን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጣት፤ ታናሺቱን የገመድ ማስገቢያ ቀለበት ሸራው ላይ መምታትና ገመድ ማሰር አስተማራት። ከዚያ «እንግዲህ አንዳችሁ ያለ አንዳችሁ ለአንሶላም አትሆኑም» ብሎ ሳቀና ቁልፉን ሰጣቸው።

ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም። የጭነት ሸራ እንደ ቀሚስ ጭን ላይ አስቀምጠው የሚሰፉት ነገር አይደለም። ክብደቱ እንደ ሰው፣ ግትርነቱ እንደ በቅሎ ነው። አንዷ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ሌላዋ ከወዲያ ማዶ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ካልሳበች ስፌቱ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይሆናል። ሁለቱ ታዲያ ስለ ሥራው ቃል አይነጋገሩም። መርፌ እግሯን ከፔዳሉ ስታነሳ ገመድ ቆም ትላለች፤ ገመድ ትከሻ ስትቀይር መርፌ ትጠብቃለች። አፋቸው ሥራ ስለማይፈታ ግን ያማሉ። ማንን ነው የሚያሙት? ያገኙትን ነዋ! በዚያ ቤት ያልታማ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው።

መርፌ በሕይወቷ አንድ ነገር ብቻ ትፈራለች፤ የሰፋችው ሸራ መንገድ ላይ መውለቁን። እስከ ዛሬ ወልቆባት አያውቅም። «ጭነቱ ቢገለበጥ እንኳ የኔ ሸራ አብሮ ይገለበጣል እንጂ አይለቅም» ትላለች። ይህን ስትል አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ሲያምርባት!

ገመድ ለትዳር የደረሰች ጊዜ በምዕራብ በኩል ያለ ሰፈር የሚኖር መስታወት ቆራጭ ወደደች፤ ከነሃይማኖቱ አገባችው። ያኔ ቤቱ ታመሰ፤ አክስቶች አለቀሱ፤ አጎቶች እግሯን እንሰብራለን ብለው ፎከሩ። ደግሞ እንደ ሁሉ ነገር ተለመደ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ይሰፋሉ፤ ማታ አንዷ ወደ ምሥራቅ አንዷ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ጸሎታቸው ለየቅል፣ ሐሜታቸው የጋራ። ይኸው እንዲህ ሆነው ፀጉራቸው ሸበተ። መርፌ ግን ዛሬም ድረስ ታናሿን «ሚጡ» ነው የምትላት፤ ሚጡ ደግሞ የልጅ ልጅ አላት።

ከዚያ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው።

የመርፌ ሃይማኖት ሰዎች በምሥራቁ ኮረብታ ላይ ትልቅ የቅዱስ ሐውልት እናቆማለን ብለው ተነሡ። ትልቅ ስላችሁ ትልቅ ነው፤ ጫማው ብቻ የእህትማማቾቹን ሱቅ ያክላል። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሌላውን ወደ ከተማው ዘርግቷል። ሥዕሉ አደባባይ ላይ ሲለጠፍ የምዕራቡ ኮረብታ ሰዎች ተሰብስበው አዩትና ጥያቄ አነሡ። ክንዱ የተዘረጋው ወደ ከተማው ነው ወይስ ወደ እኛ ጸሎት ቤት?

«ይባርካችኋል እንጂ ምን ያደርጋችኋል?» አሉ ባለ ቅዱሶቹ።

«መዳፉን እዩታ! ይሄ በረከት ነው? ይሄማ ጥፊ ነው!» አሉ እነዚያ።

ከተማው ሥራውን ትቶ መዳፍ መመርመር ያዘ። በየሻይ ቤቱ ሰው እጁን እየዘረጋ «እንዲህ ሲሆን በረከት፣ እንዲህ ሲሆን ጥፊ» እያለ ሲያስረዳ፣ አስተናጋጁ የተጠራ እየመሰለው ሲመላለስ ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ምዕራቦቹ መልሳቸውን ይዘው መጡ። በነሱ ኮረብታ ላይ ማማ ይሠራል፤ አናቱ ላይ ቤት የሚያህል የመስታወት ፋኖስ ይቀመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል፤ ከቅዱሱም ራስ ከፍ ይላል። ይህ ሲሰማ ለቅዱሱ አክሊል ተጨመረለት። ማማው ደግሞ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ አወጣ። ወዲያው ከቅዱሱ እግር ሥር ደረጃ ተነባበረ።

«እንዲህ ከቀጠሉ ፈጣሪ ራሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ ማድረጉ አይቀርም» አለ የመርፌ ባል። እሱ ጡረታ የወጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆጣሪ ይለዋል።

«ዝም በል አንተ፣ አትሳለቅ!» አለችው መርፌ። እሷ ከሐውልቱ የሴቶች ኮሚቴ ውስጥ ነበረች። የመስታወት ቆራጩን ነገርማ ተዉት፤ ፋኖሱን የሚሠራው እሱ ራሱ ነው።

በመጨረሻ ከንቲባው ሕዝቡን አዳራሽ ጠራ። ባይጠራ ይሻለው ነበር። ልብስ አጣቢዋ ተነሥታ «የቅዱሱ ጥላ ጓሮዬ ላይ ካረፈ የሰው አንሶላ በምን ይድረቅልኝ?» አለች። ከምሥራቅ ረድፍ አንዱ «በቅዱስ ጥላ የደረቀ አንሶላ በረከት አለው» ሲላት፣ «አይደርቅም እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ደረቅ!» አለችው። ቀጥሎ አዲስ ያገባ ወጣት ተነሣና፣ ፋኖሱ ሌሊቱን ሙሉ በመስኮቱ እያበራበት ልጅ እንዴት እንደሚወለድ ኮሚቴው እንዲያስረዳው ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያ የውሃ ቧንቧ ቢጠገን…» ከማለታቸው ሁለቱም ወገን በአንድ አፍ «ቁጭ ይበሉ!» አላቸው። ያን ቀን ስምምነት ላይ የተደረሰው በዚህች ብቻ ነው።

መርፌም ዝም አላለችም። ተነሥታ «አደባባይ ላይ ፋኖስ የሚሰቅል ሰው ቤቱ የጨለመ ነው!» አለች። የሷ ወገን አጨበጨበላት። እሷም እንደ ሕፃን ደስ አላት። ከምዕራብ ረድፍ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ስታይ ግን አላየቻትም።

በማግስቱ ሥራ ገቡ። የተያዘው የአንድ ሲሚንቶ ጫኝ መኪና ሸራ ነበር። ገመድ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትስባለች፣ መርፌ ትሰፋለች። ሐሜት የለም። ስፌቱም ልክ እንደ ልባቸው ወልገድ ወልገድ ማለት ጀመረ።

«ትናንት ቤቱ የጨለመ ያልሽው ማንን ነው፣ እትዬ?» አለች ገመድ።

«ማን ቢሆን ምን ቸገረሽ?»

«መስታወቱን የሚቆርጠው ባሌ ነዋ።»

«እንግዲህ ቆቡ ልኩ የሆነ ያጥልቀው።»

«የናንተስ? አንድ የሲሚንቶ ሰውዬ አቁማችሁ ከተማውን በጥፊ…»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

«አልሰበስብም! እኔ ምን ጊዜም አፌን ስሰበስብልሽ ነው የኖርኩት!»

ክፉ ቃል የሚመጣው ሰው ሌላ ቃል ሲያጣ ነው። መርፌ ፈለገች፤ አጣች። ያገኘችው ይሄን ነው፤ «አባባ እኮ ያንቺን ቤት ደፍ ሳይረግጥ ነው የሞተው! ለምን ይመስልሻል?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ገመድ ሸራውን ከትከሻዋ ቀስ አድርጋ አወረደች፣ ሽርጧን ፈታ አጣጠፈች፣ መዶሻዋንና የቀለበት መምቻዋን በከረጢቷ ከተተች፣ ከዚያ ወጣች። በሩን እንኳ አላላጋችም። ቢላጋ ለመርፌ ይሻላት ነበር።

«ነገ ትመጣለች» አለች መርፌ ለባዶው ቤት። አልመጣችም። «ሰኞ ትመጣለች» አለች። ሰኞም አልመጣችም። ሰው መላክ፣ ወይም ራሷ እስከ ምዕራብ ሰፈር መሄድ ትችል ነበር፤ መንገዱ ሽቅብ እንኳ አይደለም። ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል። መርፌም ምላጯን ውጣ ቁጭ አለች። ማታ ማታ ምግብ አልበላ ይላታል። ልቧ ያን የሱቁን ጥግ፣ ገመድ የምትቆምበትን፣ ባዶውን እያየ ይቃጠላል። ደግሞም እኮ የሚታማው ሰው በዝቶ ነበር፤ የሚያማ ጠፋ።

ሥራው አይጠብቅምና ባሏን ጠራችው። ቆጣሪ ደግ ሰው ነው፤ ለሸራ ግን አልተፈጠረም። «ሳብ» ስትለው ይለቃል፣ «ልቀቅ» ስትለው ይስባል። አንድ ቀን ከሸራው ሥር ገብቶ ሲያስተካክል እንቅልፍ ወሰደው። ሌላ ቀን ደግሞ የሸሚዙን እጅጌ ከሸራው ጋር ሰፍታው ኖሮ፣ ሹፌሩ ሸራውን ጭኖ ሊሄድ ሲል ሰውዬው «ኧረ እኔን! ኧረ እኔን!» እያለ ተከትሎ መጎተት ጀመረ። መርፌ ከሳቋ ብዛት እንባዋ መጣ። ከዚያ ሳቁ ቀረና እንባው ብቻ ቀጠለ። ቆጣሪ እጅጌውን እየተረተረ «እህትሽን አስጠሪያት» አላት። «ማን ነክቷት ነው የምጠራት?» አለችው። ሆድ ያባውን እሱም ያውቀዋል፤ መተርተሩን ቀጠለ።

ሐውልቱ አልቆ ምረቃው ሲቃረብ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ባለ ወፍጮው፣ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሱቋ መጣ።

«ቅዱሱን የሚሸፍን ሸራ ትሰፊልናለሽ። የምረቃው ዕለት ከንቲባው ገመዱን ሳብ ሲያደርግ ሸርተት ብሎ ይወርዳል።»

«የኔ ሸራ ወልቆ አያውቅም» አለች መርፌ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«እንዲወልቅ እኮ ነው የምንፈልገው።»

«ገብቶኛል።»

አእምሮዋ በርግጥ ገብቶት ነበር፤ እጇን ግን ማን ያስረዳው? ሸራውን ከቆጣሪ ጋር እየተጯጯኸች ሰፋችው። ቀለበቱን ራሷ መታችው፤ ጣቷንም አብራ። ከሐውልቱ ጀርባ በቆመው የእንጨት መወጣጫ ወጥታ አለበሰችው፤ አንገቱ ሥር ያለውን ዋና ገመድ ታናሿ ስታስር እንዳየቻት አድርጋ አሰረችው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ማታ ላይ ንፋስ ተነሣ።

በዚያ ኮረብታ ላይ ያለ ንፋስ ቀልድ አያውቅም። ሸራው ተነፋ፣ ተርገበገበ። መርፌ ከታች ሆና ስታየው ያ የድሮ ፍርሃቷ ተነሣባት። «ቢወልቅስ? ቅዱሱ ከቀኑ በፊት ቢጋለጥ፣ እነዚያ ከማዶ ሆነው ቢስቁ!» ወጣችና አንድ ገመድ ጨመረች። ንፋሱ ሲበረታ ሌላ ጨመረች። ወገቡን አሰረችው፣ ክንዱን ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው፣ በብብቱ ሥር አዙራ ቋጠረችው። ወርዳ ስታበቃ ትንሽ ቆማ አየችውና አንዲት ገመድ ደግሞ ጨመረችለት። ሸራ ሰፊ ካልሆነ በቀር ይህን ስህተት ማንም አይሠራውም።

በምረቃው ዕለት ምሥራቁ ኮረብታ በሰው ተሞላ። ማርሽ ባንዱ መጣ፣ መዘምራኑ ለበሱ፣ ባለ ወፍጮው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዱቄት ታየ። በምዕራቡ ኮረብታም፣ ገና ባላለቀው ማማ ሥር፣ እነዚያ ጃንጥላና የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው፣ በርጩማ ደርድረው ቁጭ ብለዋል። «አናይም» ያሉት ሁሉ ከፊት ነው የተቀመጡት።

ከንቲባው ንግግሩን ጨረሰና ገመዱን ሳብ አደረገ። ምንም የለም። ፈገግ ብሎ ደግሞ ሳበ። ምንም። ሁለት እጁን አስገባ፤ ፈገግታው ቀረ። ማርሽ ባንዱ ዜማውን ጨርሶ ከመጀመሪያው አነሣው። ባለ ወፍጮው ተደረበ፣ ከመዘምራኑ ጡንቸኞቹ ተደረቡ፣ አጠገባቸው የነበረ ሁሉ ተረባረበ። በተሳበ ቁጥር ሸራው የባሰ እየተጣበቀ፣ ቅዱሱ ወገቡ እንደ ሙሽራ እየቀጠነ ሄደ። መርፌ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ነበር። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት አመስግና ነበር የምትገባ።

ከምዕራቡ ኮረብታ የድምፅ ማጉያ ሲንኳኳ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ «ጎረቤት! በርዶት ነው እንዴ?»

ማዶ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ምሥራቆቹ ቆሽታቸው አረረና በእልህ አንድ ላይ ሳቡ። ያኔ ከሸራው ውስጥ «ቀጭ!» የሚል ነገር ተሰማና፣ አንድ ሞላላ የሲሚንቶ ቁራጭ በሸራው ሥር ወርዶ ከከንቲባው ጫማ ፊት ዱብ አለ።

«ምንድን ነው?» አለ ከንቲባው።

ሐውልቱን የሠራው ሰው ጎንበስ ብሎ አየው፤ ፊቱ አመድ ሆነ። «ትንሿ ጣቱ ናት» አለ።

ገመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። አንዱ «ወጥተን አንገቱ ጋ በቢላዋ እንበጥሰው!» ሲል ሐውልት ሠሪው «እንዳትነኩት!» ብሎ ጮኸ። «ያ ሁሉ ሸራ ባንዴ ከወረደ ክንዱን ይዞት ነው የሚወርደው። ከላይ ቀስ ተብሎ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል እየተለቀቀ ነው መፈታት ያለበት።»

ሁሉም ዞሮ መርፌን አያት። ከግራና ከቀኝ፤ እኩል፤ እየተለቀቀ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቆጣሪ እጅጌውን እየሰበሰበ «እኔ ልውጣ» አለ። ዞር ብላ አየችውና «አንተ ቁጭ በል፣ የኔ ጌታ» አለችው።

ከዚያ ወደ ባለ ወፍጮው ሄደች። «ማጉያውን ስጠኝ።»

«ለጸሎት ነው?»

«ለእህቴ ነው።»

ሰውዬው ማዶውን አየ፣ ቅዱሱን አየ፣ ጣቲቱን አየ፤ ሰጣት።

«ሚጡ!» አለች መርፌ። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው፤ ማዶ ያሉት ሳቃቸውን ዋጡ። «ሚጡ፣ እኔ ነኝ። ሸራው እምቢ አለኝ።» ጠበቀች። «ያን ቀን ያልኩሽ ነገር… አፌ ነው ያለው። አፌ ይቆረጥ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ሰው አይደለሁም። ስፌቱም ስፌት አይደለም። ነይ በቃ!»

ማጉያውን መልሳ ሰጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ማዶ ሰው ሲራወጥ ይታያል። ኋላ እንደተሰማው፣ ኮሚቴው «አንቺ ሄደሽ ከፈታሽው ሐውልታቸውን እኛ መረቅነው ማለት ነው!» ብሎ ተንጫጭቶ ነበር። አንዳንዱ ሂጂ አለ፣ አብዛኛው እንዳትነቃነቂ አለ። ገመድ ግን ስብሰባው ሳያልቅ ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ከኋላዋ መስታወት ቆራጩ ጃንጥላ ዘርግቶ «ቆይ እንጂ፣ ፀሐዩ!» እያለ ይከተላታል።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ወደ መወጣጫው ሄደች፤ መርፌ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወጡ። ሁለቱም ወፍረዋል፤ እንጨቱ አቃሰተ። ከቅዱሱ ማጅራት ሥር ሲደርሱ ገመድ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አገላበጠችው።

«ማነው ይሄን ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ እኮ ሸምቀቆ ነው፣ እትዬ። ሲስቡት የሚጠብቅ። ይሄ ለሲሚንቶ ጭነት ነው። ቅዱሱ ሊያመልጥ ነበር?»

«አንቺ ስታስሪ ያየሁትን ነው ያሰርኩት።»

«ሲስቡት የሚፈታው ሌላ ነው።»

«ታዲያ እኔ መች ታየኝ? አባባ አላሳየኝ!» አለች መርፌ፤ በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል ቅናት ሽው አለባት። «አንቺን መቼ ነው ያሳየሽ?»

ገመድ ጥፍሯን ቋጠሮው ውስጥ አስገባች። «ካገባሁ በኋላ» አለች።

«የት?»

«ቤቴ። ጓሮዬ ላይ የጥላ ሸራ ሲሰቅልልኝ።»

«አባባ ቤትሽ መጥቶ አያውቅም።»

«በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፣ እትዬ። ለመሆኑ አንቺን የት እሄዳለሁ ይልሽ ነበር?»

«ፀጉር ቤት ነበራ የሚሄደው» አለች መርፌ በቁጣ። ብላም ሳትጨርስ ቀጥ አለች። አባታቸው እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ራሰ በራ ነበር። ዝንብ አርፎ የሚንሸራተትበት ራስ!

«ምናልባት ፂሙን…» አለች ደከም ባለ ድምፅ።

«ፂሙን አንቺው ነበርሽ የምትላጪው።»

ከታች ባለ ወፍጮው እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ምን ላይ ደረሳችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ቆይ!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

መርፌ የቅዱሱን ጆሮ ተደግፋ ቆመች። ያ ሁሉ ዓመት። አባባ ኮፍያውን አድርጎ «ፀጉር ቤት ደርሼ ልምጣ» ሲል፣ እሷም «አባባ፣ አጠር አድርጎ ይቁረጥህ» ስትለው። አንዴ እንኳ ራሱን ቀና ብላ አላየችም!

«ታዲያ ያን ቀን እንደዚያ ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ፊቴ ላይ አልተፋሽብኝም?»

«እንዳትነግሪያት ብሎኛል። ትቀየማለች፣ ካኮረፈች ደግሞ ሥራ ይቆማል አለኝ። እሺ አልኩት። ሞተ፤ እሺ እንዳልኩት ቀረሁ።»

መርፌ አለቀሰች። በሻርፗ አልሸፈነችውም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ማን ያያታል? ካየስ ይይ! «አባባ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ደፍሽን ያልረገጥኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ሚጡዬ።»

«እሱማ አንቺ ነሽ» አለች ገመድ። ጣቷ ሥራውን አላቆመም። «በይ አሁን በግራ በኩል ያዢ። እኔ ስለቅ ልቀቂ።»

ያዘች። የዋናው ገመድ ቋጠሮ ላላ። ከዚያ የብብቱ፣ ከዚያ የወገቡ፣ ከዚያ ያቺ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው። በየቋጠሮው ገመድ «ጉድ! ጉድ!» ትላለች፣ መርፌ «ንፋስ ነበር አልኩሽ እኮ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቃል አላስፈለጋቸውም። አንዷ ትከሻዋን ስትቀይር ሌላዋ ትጠብቃለች፤ አንዷ ስትለቅ ሌላዋ ትለቃለች። ሸራው ከክንዱ ላይ እንደ ውሃ ወርዶ መሬት ላይ ተከመረ።

ጭብጨባው ኮረብታውን አናጋው። ማዶም አንድ ሰው አጨብጭቦ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰመው። ጭብጨባው ሲበርድ ሰው ቀና ብሎ መዳፉን አስተዋለ፤ አራት ጣት። ወዲያው «አራት ያለው ምን ለማለት ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። ምሥራቆቹ ትዕግሥት ነው አሉ፤ ምዕራቦቹ በማጉያ «እኛን አራት ጊዜ ሊመታን ነው» አሉ። የውሃ ቧንቧው ሽማግሌም ከሰዉ መሃል ሆነው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሞክሩ ታይተዋል።

እህትማማቾቹ ከመወጣጫው ወርደው ያን ክርክር ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ቅዱሱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ሸራ መሬት ላይ ከዋለ ይሻግታል፣ መታጠፍ አለበት። መርፌ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ገመድ ሌላውን፤ ወጥረው አራገፉት፣ ደርበው እጥፍ አደረጉት፣ ከዚያ አንዷ ወደ አንዷ እየተራመዱ መጡ። መሃል ላይ ሲገናኙ መርፌ የእህቷን እጅ ከነሸራው ያዘች።

«ያ የጥላ ሸራ አሁንም አለ?»

«አለ። ስፌቱ ተተርትሯል እንጂ።»

«ነገ መርፌዬን ይዤ እመጣለሁ። በርሽ በየት በኩል ነው?»

ገመድ ሸራውን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊው በር» አለች። «ደፉ ከፍ ያለ ነው፣ እያየሽ እርገጪ። አባባን ሁልጊዜ ያደናቅፈው ነበር።»